የውጅግራው መሐንዲስ ባዚል ግራ (እ.ኤ.አ. 1836 – 1901)

ውጅግራ የሚለው ስም ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም። በፉከራና በሽለላ ሲጠራ ኖሯል፤ ብዙ አባቶች ከቤታቸው ምሰሶ ላይ ሰቅለው ያኖሩት፣ ለልጅ ለልጅ ልጅ ያወረሱት ጠመንጃ ነው። የስሙ ምንጭ ግን በብዙዎች ዘንድ ተዘንግቷል። ፈረንሳዮች ጠመንጃን ፊዚ ይሉታል፤ የሠሪውን ስም ሲጨምሩበት ፊዚ ግራ ይሆናል። ከቀይ ባሕር ዳርቻ በነጋዴ ግመል ተጭኖ ወደ ደጋው የወጣው ይህ የሁለት ቃል ስም፣ በአማርኛ ተናጋሪው አንደበት ተሟሽቶ አንድ ቃል ሆነ። ስለዚህ አንድ ሰው ውጅግራ ባለ ቁጥር፣ ሳያውቀው የአንድ ፈረንሳዊ የመድፈኛ መኮንን የቤተሰብ ስም ይጠራል።

ይህ ሰው ባዚል ግራ ነው። የሕይወት ታሪኩ በጦር ሜዳ ጀብዱ የተሞላ አይደለም። ሥራው የተከናወነው በፋብሪካ፣ በሙከራ ሜዳና በኮሚሲዮን ጠረጴዛ ዙሪያ ነበር። ሆኖም የተሰጠው ጥያቄ ለማንኛውም መሐንዲስ የታወቀ ጥያቄ ነው፤ አንድ መንግሥት ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰበትን አሮጌ ዕቃ ሳይጥል፣ ጊዜና ሀብት ሳያባክን፣ አዲሱን ሥራ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላልን? ለዚህ ጥያቄ ግራ የሰጠው መልስ በአንዲት የናስ ቀለህ ላይ የቆመ ነበር። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጠ በስተቀር፣ ሁሉም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ሙያ

ባዚል ግራ በ1836 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ታርን ኤ ጋሮን በሚባለው አውራጃ ተወለደ። በዚያ ዘመን በፈረንሳይ አገር ከገጠር ተነሥቶ ከፍ ወዳለ የመንግሥት ሥራ ለመድረስ ለሚሻ ወጣት ከሁሉ የተከበረው በር በፓሪስ የሚገኘው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ነበር። ትምህርት ቤቱ ሒሳብን፣ ሜካኒክንና ኬሚስትሪን በጥብቅ የሚያስተምር ሲሆን፣ ተመራቂዎቹ ወደ መድፈኛ ጦር፣ ወደ መንገድና ድልድይ ሥራ ወይም ወደ ማዕድን መሥሪያ ቤት ይመደቡ ነበር። ግራም ይህን ትምህርት ፈጽሞ መድፈኛ ጦር ገባ።

በፈረንሳይ ሠራዊት የመድፈኛው ክፍል ሥራ መድፍ መተኮስ ብቻ አልነበረም። የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች በሙሉ በመድፈኛ መኮንኖች አስተዳደር ሥር ነበሩ። ሴንት ኤትየን፣ ሻቴልሮና ቱል በሚባሉት ከተሞች በነበሩት ታላላቅ ፋብሪካዎች የብረቱን ጥራት የሚመረምሩት፣ የክፍሎቹን ልክ የሚቆጣጠሩት፣ አዲስ ሐሳብ ሲቀርብ የሚፈትኑት እነዚህ መኮንኖች ነበሩ። ስለዚህ ግራ የወታደር ልብስ ይልበስ እንጂ፣ በዛሬ አነጋገር የምርት መሐንዲስ ነበር ማለት ይቻላል።

ሻስፖና የወረቀቱ ጥይት

የግራን ሥራ ለመረዳት ከእሱ በፊት የነበረውን ጠመንጃ ማወቅ ያስፈልጋል። ፈረንሳይ በ1866 አንቷን አልፎንስ ሻስፖ የሠራውን ጠመንጃ ተቀበለች። ሻስፖ በኋላ በኩል የሚጎርስ፣ በመቀርቀሪያ የሚዘጋ፣ 11 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አፈሙዝ የተገጠመለት መሣሪያ ነበር። ኢላማ ማነጣጠሪያው እስከ 1,200 ሜትር ድረስ የተመደበ ሲሆን፣ የፕሩሲያ ሠራዊት ይዞት ከነበረው የድራይዘ ጠመንጃ በርቀትም ሆነ በትክክለኛነት እጅግ ይበልጥ ነበር።

ድካሙ በጥይቱ ላይ ነበር። የሻስፖ ጥይት ቀለህ አልነበረውም። ባሩዱ በወረቀትና በስስ የሐር ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከፊቱ እርሳሱ ታስሮ፣ ሲተኮስ መጠቅለያው አብሮ እንዲቃጠል ተደርጎ የተሠራ ነበር። ይህ አሠራር ሦስት ችግሮችን አስከተለ። አንደኛ፣ መጠቅለያው ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ ስለማይቃጠል ፍርፋሪው በጥይት ማረፊያው ውስጥ ይከማቻል። ሁለተኛ፣ ጥይቱ እርጥበትንና የኪስ ውስጥ መንገላታትን አይችልም። ሦስተኛውና ዋናው፣ የሚፈነዳው ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳያመልጥ የሚያግደው ከመቀርቀሪያው ጫፍ ላይ የተደረገ የላስቲክ ቀለበት ነበር። ላስቲክ ደግሞ በሙቀት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ያልቃል። ከብዙ ተኩስ በኋላ ጋዙ ያፈተልካል፣ ረጅሙ መርፌም በእሳቱ ተበልቶ ይሰበራል።

ከ1870 እስከ 1871 በተደረገው የፈረንሳይና የፕሩሲያ ጦርነት ሻስፖ በእግረኛው እጅ ጥሩ ሠራ። ጦርነቱን የወሰኑት የፕሩሲያ መድፍ፣ ፈጣን የክተት አዋጅ አፈጻጸምና የተሻለ የጦር አመራር ነበሩ። ፈረንሳይ ተሸነፈች፤ አልዛስንና የሎሬንን ከፊል አጣች። ከዚሁም ጋር በሙትሲግ የነበረው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ፣ በሜስ የነበረው የመድፈኛና የመሐንዲስ መኮንኖች ማሠልጠኛ ከእጇ ወጡ። በጦርነቱ ጊዜ የጠመንጃ እጥረት በመድረሱ መንግሥቱ ከውጭ አገር ልዩ ልዩ መሣሪያ፣ ከእነዚህም መካከል የአሜሪካ ሬሚንግተንና የእንግሊዝ ሰናድር እየገዛ አስገብቶ ነበር። የእነዚህ ጠመንጃዎች ጥይት የብረት ቀለህ ያለው በመሆኑ፣ የፈረንሳይ መኮንኖች የሁለቱን አሠራር ልዩነት በጦር ሜዳ ላይ በዓይናቸው አዩ። የተማረኩትን ሻስፖዎች ጀርመኖች ራሳቸው ለብረት ቀለህ እንዲስማሙ አድርገው እየለወጡ መጠቀማቸው ደግሞ ለፈረንሳዮች ሁለተኛ ትምህርት ሆነ።

ውድድሩና የግራ መፍትሔ

ከጦርነቱ በኋላ በፈረንሳይ ፊት የነበረው ጉዳይ አስቸጋሪ ነበር። አገሪቱ ለጀርመን አምስት ሚሊያርድ ፍራንክ የጦር ካሣ እንድትከፍል ተገድዳለች። በመጋዘኖቿ ደግሞ እጅግ ብዙ ሻስፖ ጠመንጃ ተከማችቷል። ይህን ሁሉ ጥሎ ከመጀመሪያ መነሣት የሚያስከፍለው ገንዘብም ጊዜም ከባድ ነበር። የጦር ሚኒስቴሩ የብረት ቀለህ ያለውን ጥይት ለመቀበል ቁርጥ ውሳኔ አድርጎ፣ የቀረቡትን ልዩ ልዩ ሐሳቦች አስፈተነ። ከሙከራው በኋላ ለመጨረሻው ምርጫ የቀረቡት ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው የሆላንድ ሠራዊት በ1871 የተቀበለው የቦሞን ጠመንጃ፣ ሁለተኛው በዚያን ጊዜ ሻምበል የነበረው የባዚል ግራ ሐሳብ ነበር።

የግራ ሐሳብ ጥንካሬ በቁጠባው ላይ ነበር። የሻስፖን አፈሙዝ፣ የአፈሙዙን የውስጥ ጠመዝማዛ ቦይና የእንጨቱን አካል እንዳለ ተወው። 11 ሚሊ ሜትሩን ልክ ስላልነካው አሮጌው አፈሙዝ ለአዲሱ እርሳስ ያገለግላል። የሻስፖ የጥይት ማረፊያ ለብረቱ ቀለህ እጅግ ሰፊ ስለነበር፣ ማረፊያው በቶርኖ ተቦርቡሮ የብረት ቱቦ እንዲገባበትና ቱቦው በአዲሱ ቀለህ ልክ እንዲበሳ ተደረገ። የሚለወጠው ዋና ክፍል መቀርቀሪያው ብቻ ሆነ። በአዲሱ መቀርቀሪያ ጫፍ ላይ ተነቃይ ራስ ተደረገ፤ በራሱም ላይ የተተኮሰውን ቀለህ ከንፈሩን ይዞ የሚያወጣ ጥፍር ተገጠመ። ረጅሙና ተሰባሪው መርፌ በአጭርና ጠንካራ መምቻ ተተካ። በሻስፖ ተኳሹ መጀመሪያ በአውራ ጣቱ መምቻውን ወደ ኋላ ስቦ፣ ከዚያ መቀርቀሪያውን ይከፍት ነበር። በግራ ጠመንጃ መቀርቀሪያው ወደ ላይ ሲነሣ በዚያው እንቅስቃሴ ሞላው ይደገናል። አንድ የእጅ ሥራ በመቀነሱ የተኩሱ ፍጥነት ጨመረ።

በ1874 የግራ ሐሳብ ተመረጠ። አዲስ የተሠራው ጠመንጃ ሞዴል 1874፣ ከሻስፖ የተለወጠው ሞዴል 1866-74 ተባለ። ጠመንጃው ወደ 1.30 ሜትር ርዝመትና ከ4 ኪሎ ግራም ጥቂት ከፍ ያለ ክብደት ነበረው። ፋብሪካዎቹ በአንድ ወገን አዲሱን ሲሠሩ፣ በሌላው ወገን አሮጌውን ይለውጡ ነበር። ሁለቱም አንድ ዓይነት ጥይት ስለሚጎርሱ፣ በወታደሩ ዝናር ውስጥ ልዩነት አልነበረም።

የናሱ ቀለህ

ጠመንጃው በግራ ስም ቢጠራም፣ ለውጡን ያመጣው ጥይቱ ነበር። ቀለሁ 59 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ከታች ከንፈር ያለው፣ ወደ ላይ ሲሄድ በአንገቱ ጠበብ የሚል የናስ ዕቃ ነው። በውስጡ 5.25 ግራም ጥቁር ባሩድ ይጨመራል። ከባሩዱ በላይ የሰም ቅባት ያለበት ወታፍ ይደረጋል፤ ይህም የአፈሙዙን ጥላሸት ለማለስለስ ነው። በላዩ ላይ 25 ግራም የሚመዝን፣ ገላው በወረቀት የተጠቀለለ የእርሳስ አረር ይቀመጣል። አረሩ ከአፈሙዙ ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 450 ሜትር ይደርስ ነበር።

ናስ ለዚህ ሥራ የተመረጠበት ምክንያት ለመሐንዲስ ልዩ ትኩረት የሚገባው ነው። ከመቶ 70 እጅ ያህል መዳብና 30 እጅ ያህል ዚንክ ያለበት ናስ፣ በቅዝቃዜ ሲሳብ ሳይሰነጠቅ የሚለጠጥ ብረት ነው። ክብ ዝርግ ናስ መጀመሪያ በማተሚያ መኪና እንደ ሲኒ ይጎደጉዳል። ከዚያ ደረጃ በደረጃ እየተሳበ ይረዝማል፤ በእያንዳንዱ ደረጃ መካከል በእሳት ግሎ ይለሰልሳል፤ አለዚያ እየጠነከረ ሄዶ ይሰነጠቃል። ባሩዱ ሲፈነዳ የቀለሁ ስስ ግድግዳ በጋዙ ግፊት ተነፍቶ ከጥይት ማረፊያው ግድግዳ ጋር ይጣበቅና ጋዙን ፈጽሞ ያግዳል። ግፊቱ ሲያልፍ ናሱ ባለው የመለጠጥና የመመለስ ጠባይ ጥቂት ይሸሽና ከግድግዳው ይላቀቃል፤ ጥፍሩም በቀላሉ ያወጣዋል። በሻስፖ የላስቲክ ቀለበቱ ለብዙ ተኩስ ይሠራ የነበረውን ሥራ፣ በግራ ጠመንጃ እያንዳንዱ ቀለህ ለአንድ ተኩስ ብቻ ይሠራዋል። ያረጀ ማገጃ የሚባል ነገር ቀረ።

የናስ ዋጋ ግን ከወረቀት ዋጋ ጋር አይወዳደርም። አንድ ሠራዊት በልምምድ ብቻ በየዓመቱ የሚተኩሰው ጥይት ብዙ ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን በአውሮፓ ሠራዊቶች ዘንድ ቀለህ ተለቅሞ የሚመለስ የመንግሥት ንብረት ነበር። ከተኩስ ሜዳ የተሰበሰበው ቀለህ ይታጠባል፤ ካፕሱሉ ወጥቶ በአዲስ ይተካል፤ የተነፋው ገላው በፎርማ ገብቶ ወደ ልኩ ይመለሳል፤ ባሩዱና አረሩ እንደገና ይሞላበታል። ጥቁር ባሩድ ሲቃጠል የሚተወው ዝቃጭ ናስን የሚበላ በመሆኑ፣ ቀለሁ ወዲያው ካልታጠበ ለሁለተኛ ጊዜ አያገለግልም። አንገቱም ከተደጋጋሚ መነፋትና መጥበብ የተነሣ ስለሚጠነክር፣ በእሳት ካልለሰለሰ ይሰነጠቃል።

ግራና ባልደረቦቹ ናስ ሁልጊዜ እንደማይታመን ያውቁ ነበር። ካፕሱል ሲበሳ ወይም ቀለህ ከሥሩ ሲቀደድ፣ የጋለ ጋዝ በመቀርቀሪያው ውስጥ ወደ ኋላ ወደ ተኳሹ ዓይን ይሄዳል። በ1880 በተደረገው ማሻሻያ በመቀርቀሪያውና በአካሉ ላይ ጋዙ ወደ ጎን የሚያመልጥበት ቦይ ተቀረጸ። ከዚያ በኋላ ማሻሻያው የተደረገባቸው ጠመንጃዎች ኤም 80 የሚል ምልክት ታተመባቸው። ጉድለት ሊደርስ እንደሚችል አስቀድሞ ተቀብሎ፣ ጉድለቱ ሲደርስ ሰውን እንዳይጎዳ መንገድ ማበጀት በዛሬው የመሐንዲስ ትምህርት ውስጥ መሠረታዊ መመሪያ ነው። ይህች ቀጭን ቦይ የዚያ መመሪያ ጥሩ ምሳሌ ናት።

ስሙ በዓለም ላይ

የግራ ጠመንጃ ከፈረንሳይ ውጭም ተፈላጊ ሆነ። ግሪክ ለሠራዊቷ ተቀብላ፣ በኦስትሪያ አገር በሽታየር ፋብሪካ ጭምር አሠራችው። በ1897 ከኦቶማን መንግሥት ጋር በተደረገው ጦርነት የግሪክ እግረኛ ይዞት የተሰለፈው ይኸው ጠመንጃ ነበር። በግሪክ ቋንቋም ግራስ የሚለው ስም የጠመንጃ ስም ሆኖ ቀረ፤ ለሀገራችን ውጅግራ የቅርብ ዘመድ ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1941 ጀርመኖች በቀርጤስ ደሴት ላይ ሲወርዱ፣ ከገበሬዎቹ አንዳንዶቹ ይህንኑ አሮጌ ጠመንጃ ይዘው ተዋግተዋቸዋል። ጃፓንም በ1880 የተቀበለችውን የመጀመሪያውን የሙራታ ጠመንጃ ስትሠራ ከግራ አሠራር ብዙ ወስዳለች። የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ደግሞ በ1878 ከአፈሙዙ ሥር ብዙ ጥይት የሚይዝ ቱቦ ያለውን የክሮፓቸክ ጠመንጃ ሲቀበል፣ ጥይቱ የግራ ጥይት እንዲሆን አደረገ።

የ1886 ኮሚሲዮንና የአሮጌው ቀለህ ዕጣ

በ1884 ፖል ቪየይ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ጭስ አልባውን ባሩድ አገኘ። ይህ ባሩድ ከጥቁሩ እጅግ የበለጠ ኃይል ያለው፣ ጥላሸት የማይተው፣ የተኳሹን ቦታ በጭስ የማያሳይ ነበር። በጥር ወር 1886 የጦር ሚኒስትር የሆነው ጄኔራል ቡላንዤ በአጭር ጊዜ ውስጥ አዲሱን ባሩድ የሚጠቀም ጠመንጃ እንዲሠራለት አዘዘ። ለዚህም በጄኔራል ትራሞን የሚመራ ኮሚሲዮን ተቋቋመ። በዚያን ጊዜ ኮሎኔል የነበረው ግራ ከአባላቱ አንዱ ሆነ። ኮሎኔል ቦኔ፣ ሻምበል ዴሳሉና ኮሎኔል ሌቤልም በሥራው ተካፈሉ።

እዚህ ላይ የግራ አሮጌ ጥያቄ እንደገና ተነሣ። ጭስ አልባው ባሩድ ትንሽ አረርና ጠባብ አፈሙዝ ይፈልጋል። ጥሩ የሚሆነው ቀለህ በአዲስ ልክ ከመጀመሪያ የታሰበ ቀለህ ነበር። ትእዛዙ ግን አስቸኳይ ነው፤ ፋብሪካዎቹ ደግሞ ለግራ ቀለህ የተሠሩ መኪናዎች አሏቸው። ኮሚሲዮኑ ያንኑ የ11 ሚሊ ሜትር ቀለህ ወስዶ አንገቱን አጥብቦ 8 ሚሊ ሜትር አረር እንዲይዝ አደረገው። ቀለሁ ሁለት ጊዜ ስለጠበበ ከታች ወፍራም፣ ከላይ ቀጭን፣ እንደ ጠርሙስ ደረጃ ያለው ቅርጽ ያዘ። የጠመንጃው ንድፍ በዚህ ጥይት ላይ ተመሥርቶ ከአንድ ዓመት ላነሰ ጊዜ ውስጥ አለቀ። በ1887 ሠራዊቱ ተቀበለው፤ የአረሩን ሥራ የመራው የሌቤል ስም ተሰጠው። በኢትዮጵያ ልበን የሚባለው ይኸው ነው።

የዚህ ውሳኔ ጥቅሙም ጉዳቱም ታላቅ ነው። በጥቅሙ ረገድ ፈረንሳይ ከዓለም ሁሉ ቀድማ ጭስ አልባ ባሩድ የሚጠቀም ጠመንጃ በብዛት ያስታጠቀች አገር ሆነች። በጉዳቱ ረገድ ከሥሩ ወፍራም፣ ከንፈራም የሆነው ቀለህ በሣጥን መሳይ ጥይት መያዣ ውስጥ በቀጥታ አይደረደርም፤ ተከታትሎ ሲቀመጥ እንደ ማጭድ ይታጠፋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሾሻ መትረየስ ጥይት መያዣ ግማሽ ክብ የሆነበት ምክንያት ይህ ነው። በ1898 ሹል አረር ሲመጣም፣ በቱቦው ውስጥ የአንዱ ጥይት ጫፍ የፊተኛውን ካፕሱል መትቶ እንዳያፈነዳ፣ በቀለሁ ቂጥ ላይ ጫፉ የሚያርፍበት ክብ ቦይ ማበጀት አስፈለገ። ፈረንሳይ ለመትረየስና ለአዲስ ጠመንጃ የሚስማማ፣ ከንፈር የሌለው 7.5 ሚሊ ሜትር ቀለህ የተቀበለችው በ1924 ነው፤ እሱም በ1929 እንደገና ተሻሻለ። በ1886 ለጥቂት ወራት ሲባል የተደረገው ቁጠባ ለአርባ ዓመት ያህል ዋጋ አስከፍሏል። በ1874 ከአሮጌው ዕቃ ጋር መስማማቱ ጥበብ ነበር፤ በ1886 የተደረገው ያው መስማማት በሚመጣው ዘመን ሥራ ላይ ሸክም ጣለ። ለሁለቱም ውሳኔዎች በጊዜው በቂ ምክንያት ነበራቸው።

ውጅግራ በኢትዮጵያ

የፈረንሳይ ሠራዊት ሌቤልን ሲይዝ በመጋዘን የቀረው ብዙ የግራ ጠመንጃ ለነጋዴ ገበያ ወጣ። ከዚህም ብዙው በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በዐድዋ የተሰለፈው ሠራዊት ከያዛቸው ልዩ ልዩ ጠመንጃዎች መካከል ውጅግራ አንዱ ዋና መሣሪያ ነበር። በአውሮፓ አርጅቷል የተባለው መሣሪያ በዚያ ቀን የአንድን አገር ነፃነት በመጠበቅ ተካፈለ።

ጠመንጃው ከገባ በኋላ ያለ ጥይት ዋጋ የለውም፤ ጥይቱ ደግሞ ሁልጊዜ ከውጭ የሚመጣ ነበር። ከዚህ የተነሣ ጥይት ከጦር መሣሪያነቱ አልፎ በብዙ ገበያ ከማርያ ቴሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጋር መገበያያ ሆኖ ያገለግል ነበር። የተተኮሰ ቀለህም የሚጣል ዕቃ አልነበረም። ባሩድ በሀገር ውስጥ ከጨው ባሩድ፣ ከድኝና ከከሰል መቀመም የቆየ ሙያ ስለነበር፣ እርሳስም በቀላሉ ስለሚቀልጥ፣ ባለሙያዎች ቀለሁን እየለቀሙ እንደገና ይሞሉት ነበር። የፈረንሳይ ፋብሪካ በመኪናና በፎርማ የሚሠራውን ሥራ እነሱ በመዶሻ፣ በወስፌና በእጅ ልክ ሠሩት። በዚህ መንገድ የተሞላ ጥይት እንደ አዲሱ አይታመንም ነበር፤ ባሩዱ በልኩ አይመጠንም፣ አረሩ ከአፈሙዙ ጋር በትክክል አይገጥምም። ቢሆንም ባዶ ዝናር ከመያዝ ይሻል ነበር።

በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው ካፕሱሉ ነበር። ባሩድና እርሳስ በሀገር ሊገኙ ይችላሉ፤ በግጭት እሳት የሚሰጠውን ኬሚካል መቀመም ግን ፋብሪካና የኬሚስትሪ ዕውቀት ይጠይቃል። በዚያ ላይ የግራ ቀለህ ካፕሱሉ የሚመታበት ጉብታ ከቀለሁ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራና እሳቱ በጉብታው ዙሪያ ባሉ ጠባብ ቀዳዳዎች የሚገባ በመሆኑ፣ የተተኮሰውን ካፕሱል ከውስጥ በሽቦ ገፍቶ ማውጣት አይቻልም። በመሐል አንድ ቀዳዳ ያለው፣ ጉብታውም በካፕሱሉ ውስጥ የሚገኘው የእንግሊዛዊው ቦክሰር አሠራር በዚህ ረገድ ይቀላል። በ1935 የኢጣልያ ወረራ ሲጀመርና የጦር መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ እገዳ ሲደረግ፣ ውጅግራ የያዘ ብዙ ወታደርና ኋላም አርበኛ ያጣው ጠመንጃ ሳይሆን ጥይት ነበር። ጠመንጃ በግዢ ይገባል፤ ጥይትን ያለ ማቋረጥ ለማግኘት ግን የሀገር ኢንዱስትሪ ያስፈልጋል።

የመጨረሻ ዘመኑና የጠመንጃው ዕድሜ

ባዚል ግራ እስከ ጄኔራልነት ማዕረግ ደርሶ በ1901 በስልሳ አምስት ዓመቱ ዐረፈ። ጠመንጃው ግን ከእሱ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። በ1914 ጦርነት ሲነሣ ሌቤል ለሁሉ ስላልበቃ፣ የግራ ጠመንጃ ለኋላ ጦር ተሰጠ፤ ከፊሉም አፈሙዙ ተለውጦ የሌቤልን 8 ሚሊ ሜትር ጥይት እንዲጎርስ ተደረገ። የሌቤል ቀለህ ከግራ ቀለህ የተወለደ ስለነበር ሥሩና ከንፈሩ ከአሮጌው መቀርቀሪያ ጋር ገጠመ። ይበልጥ የሚያስገርመው ደግሞ ያ አሮጌ 11 ሚሊ ሜትር ቀለህ በጦርነቱ መጨረሻ ዓመታት ወደ ሰማይ መውጣቱ ነው። የጠላትን የቅኝት ፊኛ ለማቃጠል የሚያስችል ተቀጣጣይ ኬሚካል በትንሽ አረር ውስጥ በበቂ መጠን ስለማይገባ፣ የአውሮፕላን ቪከርስ መትረየስ ለግራ ልክ ተሠርቶ ትልቁን አረር እንዲተኩስ ተደረገ።

ዛሬ የግራ ጠመንጃ ያለው በሙዚየምና በሰብሳቢዎች እጅ ነው። ጥይቱ ለሠራዊት መሠራቱ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ስለዚህ ሕግ በሚፈቅድባቸው አገሮች ጠመንጃውን በኢላማ ሜዳ ለመተኮስ የሚሹ ሰዎች ምትክ ቀለህ ይፈልጋሉ፤ የሌላ ጠመንጃ ወፍራም ቀለህ ወስደው፣ ቆርጠው፣ በፎርማ አጥብበው ወደ ግራ ልክ ያመጡታል። አሠራሩ ቀላል ቢመስልም የሚጠይቀው ጥንቃቄ ብዙ ነው። የምትኩ ቀለህ ሥር ከጥይት ማረፊያው እጅግ ከቀጠነ፣ ግድግዳው ድጋፍ አጥቶ ከከንፈሩ በላይ ይነፋል ወይም ይቀደዳል። ከንፈሩ ከሳሳ ካፕሱሉ ሲመታ ቀለሁ ወደ ፊት ይሸሽና በተኩሱ ጊዜ ከሥሩ ተለጥጦ ይበጠሳል። የጠበበው አንገት ካልለሰለሰ ይሰነጠቃል፤ ሲለሰልስም ሥሩ በውሃ ውስጥ ቆሞ ጥንካሬውን ካልጠበቀ አደጋው ይብሳል።

ከሁሉም በላይ ባሩዱ ጥቁር ባሩድ መሆን አለበት። የግራ መቀርቀሪያ የሚቆለፈው በእጀታው ሥር ባለው በአንድ ወገን ጉልበት ብቻ ነው፤ ብረቱም የዚያ ዘመን ብረት ነው። የጭስ አልባው ባሩድ ግፊት ለዚህ አካል አልታሰበም። አሮጌ መሣሪያን በአዲስ ኃይል መሙላት አሮጌውን ግድብ ከታቀደለት ከፍታ በላይ ውሃ እንደ መሙላት ነው።

ግራ እንደ ሻስፖ አዲስ የጠመንጃ ዓይነት ከባዶ አልፈጠረም፤ እንደ ቪየይም አዲስ ኃይል አላገኘም። የእሱ ሙያ በመካከል ያለው ሥራ ነበር፤ የተጀመረውን ማረም፣ ያለውን ከሚመጣው ጋር ማገጣጠም፣ ፋብሪካው ሊሠራው የሚችለውን መንደፍ። በታዳጊ አገር የሚሠራ መሐንዲስ በየቀኑ የሚገጥመው ሥራ ከዚህ የራቀ አይደለም። ከውጭ የተገዛ መኪና ሲሰበር፣ የመለዋወጫ ዕቃ ሲጠፋ፣ ምትክ ክፍል ተፈልጎ በልኩ ሲሞረድ፣ የሚጠየቀው ዕውቀት የግራ ዕውቀት ነው፤ የትኛው ልክ እንደማይነካ፣ የትኛው እንደሚለወጥ፣ ቁጠባው ዛሬ የሚሰጠው ጥቅም ነገ በሚያመጣው ዕዳ ሲመዘን የቱ እንደሚበልጥ መለየት። ውጅግራን ያወረሱት አባቶች የሠሪውን ስም አላወቁም። ቀለሁን ከመሬት እያነሡ፣ እያጠቡ፣ እንደገና እየሞሉ ሲጠቀሙበት ግን፣ እሱ በፋብሪካ የጀመረውን ሐሳብ በመዶሻና በወስፌ ሲቀጥሉት ኖረዋል።